ገጽ አርባ አንድ ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች

አክሲዮን አለኝ ብለህ ደረትህን የምትነፋ ሁሉ፣ የኩባንያህን የሒሳብ መግለጫ ገጽ አርባ አንድን አንብበህ ታውቃለህ? አታውቅም። የሊቀ መንበሩን ፎቶ አይተሃል፤ የትርፍ ድርሻህን ፍለጋ ገለጥ ገለጥ አድርገሃል፤ ከዚያ በርበሬ ጠቅልለህበታል። «ማብራሪያ አሥራ ሰባት፦ የገቢ ግብር» የሚለው ርዕስ ጋ ስትደርስ ዓይንህ ሸሽቷል። የከሚሴም ሰው እንዳንተው ነው። ያንን ገጽ ከልቡ ያነበበ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ማክሰኞ ጠዋት ከጨፋ የማሽላ ጉድጓድ በገመድ ጎትተው አወጡት።

ጀይሉ ይባላል። የለምለም ሸለቆ የመኖ አክሲዮን ማኅበር ሒሳብ ሹም ነበር፤ አርባ ሁለት ዓመቱ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ የዚያው የጨፋ ገበሬ ልጅ።

ኢንስፔክተር ሳቢራ በፖሊስ ፒካፕ ስትደርስ ረፋዱ ሞቆ ነበር። ቦታው ከቦርከና ወንዝ ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ማሽላውን እዚህ መሬት ውስጥ ይቀብር ነበር፤ ኋላ አክሲዮን ማኅበሩ ገዝቶ በቆርቆሮ አጠረው። አራት ጉድጓድ አለው። ሁለቱ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ እንደተመረጉ ናቸው። አንዱ አፉን ከፍቷል። አራተኛው ብቻ በሲሚንቶ ተደፍኗል።

ከተከፈተው ጉድጓድ ዳር የግራር እሾህ ተከምሯል። ሳቢራ ዞራ ልታልፍ ስትል የሻሿ ጫፍ ተያዘባት፤ ነጥቃ አስለቀቀችውና ሄደች።

«እንዴት አወጣችሁት?» ብላ ጠየቀች።

«ብርድ ልብስ ስናራግብ ነው ያረፈድነው» አላት ዘበኛው ከማል፣ ስድሳን የተሻገረ ቀጭን ሰው። «ኩራዝ ለኩሰን አወረድን፣ ጠፋ። አራገብን፣ ደግመን አወረድን፣ ጠፋ። በሦስተኛው በራ። ያኔ ነው ሰው የወረደው።»

የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለ እህል አየሩን ይበላዋል። ሳያናፍስ የወረደ ሰው ሁለተኛ አይወጣም፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ይህን ለማወቅ የጨፋ ሰው ትምህርት ቤት አይሄድም።

ሬሳው ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ቁስል የለበትም። የተኛ ነው የሚመስለው፤ እስክሪብቶው ከሸሚዝ ኪሱ እንኳ አልወደቀም። የጤና መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «ትናንት ታፍኖ ነው። አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ሳቢራ ግን እግሩን ታይ ነበር። ጫማው እንደታሰረ ነው። ወገቡ ላይ ገመድ የለም። ጉድጓዱ ውስጥም ኩራዝ አልተገኘም። የጨፋ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ፣ ወገቡን ሳይታሰር፣ እሳት ሳያወርድ ጉድጓድ ሊገባ?

«ጉድጓዱ ጠርቶት ነው» አለ ከማል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስት ዓመት አለፈው፣ ይህ ቦታ ደግ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ጭጭ ሲል ያ ይተነፍሳል።» በአገጩ የጠቆመው ሲሚንቶውን ነው። «ወላሂ ሰምቻለሁ። ሥራ የጨረሱ ሰዎች አረፍ ሲሉ እንደሚተነፍሱት።»

ማንም አልሳቀም። ሳቢራም ልትስቅ ፈለገችና አልመጣላትም።

በዚህ መሀል አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ደርሳ ሀጂ በድሩ ወረዱ፤ የአክሲዮን ማኅበሩ መሥራችና የቦርዱ ሊቀ መንበር። ጋቢያቸውን በቀኝ ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ተጎናጽፈዋል። ከማል እጃቸውን ሊስም ሮጠ። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሳያወጡ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉለትና አለፉት።

«ኢና ሊላሂ። ወንድሜ ነበር፣ ወንድሜ!» አሉ።

«ሰኞ የት ነበሩ፣ ሀጂ?»

«ባቲ። ለጉባኤው የሚታረዱ በሬዎች ልገዛ። ገበያው ሁሉ አይቶኛል።»

«እዚህስ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?»

«ዓመት አልፎኛል። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ እንጂ የጉድጓድ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ።» ጠጋ አሉ። «ቅዳሜ ስምንት መቶ ባለአክሲዮን ይሰበሰባል። ይህ ነገር ከዚያ በፊት ቢያልቅ ለሁላችንም ጥሩ ነው።»

ወደ ከሚሴ ስትመለስ አለቃዋ ስልክ ደወለላት። እሱም ስለ ቅዳሜ ነበር የሚያወራው። «ወይ አደጋ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ወይ ሰው አምጪልኝ። እስከ ቅዳሜ።»

* * *

ረቡዕ ለቅሶ ቤት ሄደች። የጀይሉ ሚስት ዓፊያ ዓይኗ ደርቋል፤ እንባው እምቢ ብሏት ንዴቱ ብቻ ነው ያለው።

«ከተማው ምን እንደሚል ሰምተሻል?» አለቻት። «የኩባንያውን ብር በልቶ ሊጋለጥ ሲል ራሱን ጣለ ይላሉ። አስቢው! እነዚህን ልጆች የሌባና ራሱን የገደለ ሰው ልጆች ሊያደርጉብኝ ነው። አንቺ አደጋ ነው ብትይም ያው ነው። ሰው ያንን ነው የሚያምነው።»

«ጠላት ነበረው?»

«ቁጥር ነበረው። ከወር በፊት ነው የተለወጠብኝ። እንቅልፉ ውስጥ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል፤ አራት አይልም። ያቆምና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሰኞ ሲወጣ ‹ዛሬ ቦታውን ሊያሳየኝ ነው› አለኝ። ማን? አልኩት። ‹ቅዳሜ ከሁሉም ጋር ትሰሚያለሽ› አለ።»

ከትራስ ሥር ሦስት መጽሔት የሚያህሉ ጥራዞች አወጣች። የአክሲዮን ማኅበሩ የሦስት ዓመት የሒሳብ መግለጫዎች ናቸው። ሦስቱም ገጽ አርባ አንድ ላይ ታጥፈዋል፤ በሦስቱም ላይ አንድ ቁጥር በቀይ ተሰምሮበታል። አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።

ሳቢራ አየችው። ምንም አልገባትም። እንዳለመታደል ሆኖ እሷም እንደ ሌላው ሰው ናት፤ ያ ገጽ ለሌላ ፍጡር የተጻፈ ይመስላታል።

አጠገባቸው የተቀመጡት አሮጊት ጉልበቷን ነካ አደረጓት። ፋጡሜ ይባላሉ፤ ጨፋ ነው ቤታቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ሌባ አይደለም። ከአሥር ቀን በፊት እቤቴ መጥቶ ‹ልጅሽ የሚልክልሽን ብር መልእክት አሳዪኝ› አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። አይቶ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ናፍቆት ነው ብዬ እኔው አባበልኩት።»

«ልጅዎ የት ነው፣ እናቴ?»

«ዓረብ አገር። በባቲ ወርዶ ባሕሩን ተሻግሮ። ሦስት ዓመት አልፎታል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አራት ሺህ ብር ይልካል፤ አንድ ቀን አዛንፎ አያውቅም፣ አልሃምዱሊላህ። ድምፁን ብቻ ነው ያላገኘሁት። ያለበት በረሃ ስልክ አይሠራም አሉ።» ስልካቸውን ዳሰስ አደረጉ። «አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኛል። ለዒድ እንኳ አንድ ብር አይጨምርም። ልጄ እኮ ለዒድ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም ነበር።»

* * *

ሐሙስ ጠዋት አንድ ባለባጃጅ ጣቢያ ድረስ መጥቶ፣ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ «የአዲስ አበባውን ሰውዬ» ጨፋ ጉድጓዶቹ ጋ አድርሶ እንደመለሰው ተናገረ። የአክሲዮን ማኅበሩ ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ያው ሰውዬ እሑድ ዕለት ጀይሉ ላይ ሲጮህ ሰምታለች። «ይሄ መስመር ይቀብርሃል!» ሲል።

ሰውዬው ነጂብ ነው፤ የአክሲዮን ማኅበሩን ሒሳብ የሚመረምር የውጭ ኦዲተር። ሳቢራ ባረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘችው። አምቦ ውኃ ቀድቶ አልጠጣውም።

«ጨፋ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

«ጉድጓድ ልቆጥር።»

«አይቀልዱብኝ።»

«ሥራዬ ነው እኮ! መዝገቡ አራት ጉድጓድ እህል ይላል። በዓይኔ ማየት አለብኝ። በሩ ተቆልፏል፤ ዘበኛም የለ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅሁና ተመለስኩ።»

«ማንን አዩ?»

«ማንንም። ግን…» አንገቱን አሸት አደረገ። «እንጃ። ሰው የሚያየኝ መሰለኝ። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። ባለባጃጁን ቶሎ በል አልኩት።»

«ምስክር የለዎትም ማለት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ‹ይሄ መስመር ይቀብርሃል› ብለውታል።»

«ብዬዋለሁ። ልጠብቀው ብዬ ነበር።»

ሳቢራ ሦስቱን ጥራዞች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። «የትኛው መስመር? እንደ አላዋቂ ቆጥረው ያስረዱኝ።»

ነጂብ ሰማያዊውን ሽፋን ገልጦ ገጽ አርባ አንድ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ኩባንያው ዘንድሮ ዘጠኝ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ብር አተረፍኩ ይላል። ግብሩ ሠላሳ በመቶ ነው። ስንት ይጠብቃሉ?»

ስልኳ ላይ መታችው። «ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሰማንያ ሺህ።»

«ከታች ያለውን ጠቅላላ ግብር ይዩ።»

«ይበልጣል።»

«ለምን ይበልጣል? ይህ ገጽ የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ኩባንያ ሁለት ትርፍ አለው፤ ለባለአክሲዮኑ የሚነግረውና ግብር ሰብሳቢው የሚቀበለው። እኩል አይሆኑም። መጽሐፉ ውስጥ ወጪ የተባለ ሁሉ ግብር ላይ አይቀነስምና። ልዩነቱ መስመር በመስመር ተዘርዝሮ እዚህ መታረቅ አለበት። ካልታረቀ እኔ አልፈርምም።» ጣቱን ወደ ታች አንሸራተተ። «የእርጅና ቅናሽ፤ ዓምና ወጣ፣ ዘንድሮ ወረደ። ቅጣት፤ ዓምና ነበር፣ ዘንድሮ የለም። እንዲህ ነው ጤነኛ ቁጥር። አሁን ይህን ይዩ።»

‹ሌሎች ለግብር የማይቀነሱ ወጪዎች።›

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ብር አልጨመረ፣ አንድ ብር አልቀነሰ። ነዳጅ ተወደደ፣ ጆንያ ተወደደ፣ ይህ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም። የሥራ ወጪ እንዲህ አይሆንም። ይህ የማይተነፍስ ቁጥር ነው።»

ሳቢራ ስልኳን እንደገና አነሳች። በረንዳው ላይ ሙቀቱ ያፍናል።

«ይህ ግብሩ ነው አይደል? ወጪው ራሱስ?»

«አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶው ሠላሳ በመቶው ነው። ሙሉውን ያውጡት።»

«መቶ አርባ አራት ሺህ።»

«ለአሥራ ሁለት ወር።»

«አሥራ ሁለት ሺህ። በየወሩ።»

«ደረሰኝ የለውም፣ የተቀባይ ስም የለውም። ወጪ መዝገቡ ውስጥ ‹ልዩ ልዩ› ከሚለው ሥር ደብቀውታል። ግን ደረሰኝ የሌለውን ግብር ላይ ለመቀነስ አልደፈሩም። ግብር ሰብሳቢው ይመጣል ብለው ፈሩ። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ብቅ አለ። እዚህ ካልታየ ስሌቱ አይዘጋም።» ነጂብ ጥራዙን ዘጋው። «ጀይሉ ከመስመሩ ሥር ለማን እንደሚከፈል ሊጽፍ ፈለገ። ‹ስማቸውን ቅዳሜ አመጣለሁ› አለኝ። ማስረጃ ሳትይዝ ስም ከጻፍክ ይሄ መስመር ይቀብርሃል አልኩት። በቃ፣ ያልኩት ይኸው ነው።»

እስቲ አስቡት! ፈጣሪን ያልፈራ ሰው የግብር ተቆጣጣሪ ፈርቶ እውነቱን በራሱ መጽሐፍ ላይ አሳተመው። ስምንት መቶ ቅጂ አድሎም አንድ የሚያነብ አልነበረም።

ሳቢራ ግን የኩባንያው ነገር ከአእምሮዋ ወጥቷል። አሥራ ሁለት ሺህ። የአንዲት አሮጊት አራት ሺህ። ሦስት ጊዜ አራት ሺህ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል፤ አራት አይልም።

* * *

የቀሩትን ሁለት ቤቶች ለማግኘት ግማሽ ቀን በቃት። ፋጡሜ ራሳቸው ናቸው የነገሯት፦ «ከልጄ ጋር አብረው የሄዱት እኮ የሀዲጃ ባልና የሰዒዳ ወንድም ናቸው።» ሀዲጃም ሰዒዳም ያው አንድ ቃል ነገሯት። ሦስቱም የጉድጓዶቹ ቀን ሠራተኞች ነበሩ። ሦስቱም ባንድ ቀን፣ ልብስ እንኳ ሳይዙ ሄዱ። አራት ሺህ ብር፣ በወሩ አምስተኛ ቀን። ድምፅ የለም።

«ዓረብ አገር መሄዱን ማን ነገረሽ?» አለቻት ሀዲጃን።

«ሀጂ በድሩ። አላህ ይስጣቸው፣ እዚህ ድረስ በእግራቸው መጥተው። ‹ለናንተ አፍሮ ነው ሳይሰናበት የሄደው› አሉኝ።»

ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ወደ ከማል ሄደች። ዘበኛው በአጥሩ ጥላ ተቀምጦ ጫት ይቀጥፋል። ክንዱ ከክርን እስከ አንጓ ተቧጭሯል፤ ቁስሉ ጠቁሮ ደርቋል። ማክሰኞ አላስተዋለችውም ነበር።

«አያ ከማል፣ ክንድዎን ምን ነካው?»

«እሾሁ ነዋ።»

«የቱ እሾህ?»

«አፉ ላይ የነበረው።» ወደ ክምሩ ጠቆመ። «ማክሰኞ ስገባ ጉድጓዱ አፉ ላይ እሾህ ለብሷል። ማን ከፈተው ብዬ እሾሁን ገለል አድርጌ ጎንበስ ስል እግሩን አየሁ።»

ሳቢራ ወደ ክምሩ ዞረች። «ጀይሉ ውስጥ ሆኖ፣ እሾሁ ከላይ ተደርጎ ነበር?» አለች።

«አዎ እንግዲህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑ ይነገራል?» አለ ከማል፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «የተከፈተ ጉድጓድ ከብት እንዳይገባበት፣ ልጅ እንዳይወድቅበት እሾህ ይለብሳል። አንቺ የጨፋ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባትሽ እሾህ ሳያለብስ ከጉድጓድ ዳር ተነስቶ ያውቃል?»

አያውቅም። እሷም ማክሰኞ ያንን ክምር ዞራው አለፈች፤ ሻሿን እንኳ ይዟት ነበር። አላየችውም። ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ያለውን መቀርቀሪያ እንደማያየው።

ሞቶ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው በላዩ ላይ እሾህ አይጎትትም። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ነው። የአዲስ አበባው ነጂብ ደግሞ በሕይወቱ አያስበውም፤ እሱ ቢሆን ጥሎት ይሮጥ ነበር። ይህ እጅ እዚህ ያደገ እጅ ነው። ሰው ገፍትሮ ጥሎ፣ ትንፋሹ እስኪቆም ከላይ ቆሞ ሰምቶ፣ ከዚያ የሰው ጥጃ እንዳይሰበር አስቦ የሄደ እጅ። ሳቢራ ጥርሷን ነከሰች። ለጥጃ አዘነ!

«ሰኞ የት ነበሩ፣ አያ ከማል?»

«ከሚሴ። የጉባኤውን ወንበር ቆጥረህ ተረከብ ተብዬ። ሀጂ ናቸው የላኩኝ።»

«የበሩ ቁልፍ ከማን ጋር ነው ያለው?»

«ከኔና ከሀጂ።»

«ማክሰኞ ሀጂ እጃቸውን ለምን አልሰጡዎትም?»

የሽማግሌው ፊት ቅር አለው። «እኔም ተከፍቻለሁ። ሃያ ዓመት ነው እጃቸውን የሳምኩት። ምን አጠፋሁ?»

ባቲ ያለውን የከብት ደላላ በስልክ አገኘችው። ሀጂ በድሩ ሰኞ በሬዎቹን በጠዋት ገዝተው ዙሁር ሳይሰገድ መኪናቸውን አስነስተዋል። ከባቲ ከሚሴ በመኪና ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ገበያው ሁሉ አየኝ ያሉት እውነት ነው፤ እስከ ቀትር።

አለቃዋ ሁሉንም፣ ሦስቱ ሠራተኞች አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ታፍነው በላያቸው ሲሚንቶ እንደተደፈነባቸው መጠርጠሯን ጭምር ሰማና እጁን አጣጠፈ። «የግብር ማብራሪያ ይዘሽ ሲሚንቶ አታስሰብሪኝም። ሰውዬውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ የሚያቆምልኝ ነገር ካለሽ ቅዳሜ ጉባኤው ላይ ከጎንሽ ነኝ። ከሌለሽ ትፈርሚያለሽ።»

* * *

ዓርብ ከሰዓት ሳቢራ ፋጡሜ ቤት ደጃፍ ተቀመጠች። ይህን ሥራ ለማንም ማስተላለፍ አይቻልም። አፏን ስትከፍት አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ።

«አትንገሪኝ።»

«እናቴ…»

«ፊትሽን አይቻለሁ። ጀይሉም እንዲህ ያለ ፊት ነበረው። ያ ጉድጓድ በሲሚንቶ የተደፈነውም ልጄ በሄደ ሰሞን ነው።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ደህና ነው› ብሎ የነገረኝ ሰው አለ። እሱ ይንገረኝ። ሰው በተሰበሰበበት። እኔ እኮ አንዲት ጊደሬን ሸጬ አክሲዮን ገዝቻለሁ። ነገ መናገር እችላለሁ አይደል?»

«ይችላሉ።»

«ያ ወረቀት የታለ? ገጹን አሳዪኝ። ፊደል አላውቅም፤ ቦታውን ብቻ ልወቀው።»

ሳቢራ ጣታቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችላቸው። አሮጊቷ ወረቀቱን ቀስ ብለው ዳበሱት፤ የልጅ ግንባር እንደሚዳበስ።

* * *

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከጨፋ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ ሱቆች የመጣ ሰው ጥራዙን እንደ ማራገቢያ ያወዛውዛል። ዓፊያ ጥቁር ለብሳ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች፤ ሰው ከአጠገቧ ወንበር እያራቀ ነው። ነጂብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሳቢራና አለቃዋ መድረኩ ሥር ናቸው።

ሀጂ በድሩ ጋቢያቸውን እንደተጎናጸፉ ተናገሩ። ለጀይሉ ዱዓ አስደረጉ፤ ድምፃቸው እንኳ ተቆራረጠ። ከዚያ ስለ ምርት፣ ስለ አዲስ መጋዘን አወሩ።

«እንግዲህ የተከበራችሁ፣ የሒሳብ መግለጫው በእጃችሁ ነው። የምታጸድቁ እጃችሁን አውጡ። እኔም አጸድቃለሁ።»

ስምንት መቶ ቀኝ እጅ ተነሳ። ሀጂ በድሩም አነሱ።

ግራ እጃቸውን።

መጀመሪያ ያየው ፊት ረድፍ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። አጠገቡ ላለው ሰው አንሾካሾከ። ሹክሹክታው ወደ ኋላ ሄደ። እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እንደዚያ ጉብታ እኩለ ቀን ጸጥ አለ።

«ሀጂ፣» አለች ሳቢራ፣ «ቀኝ እጅዎን።»

«አሞኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አለቃዋ ራሱ ወደ መድረኩ ወጥቶ ጋቢውን ገለጠው። መዳፉ እንደ ሊጥ አብጧል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ሥጋው ጠቁሯል፤ በጥቁረቱ መሀል ተሰብሮ የቀረ የግራር እሾህ ጫፍ ይታያል። ሐኪም ቤት ሄዶ ለማስወጣት «ምን ወጋህ?» የሚል ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። አምስት ቀን ይዘውት ዞረዋል።

«የቢሮ ሰው ነኝ ብለውኝ ነበር» አለች ሳቢራ። ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ጀይሉ አልሰረቀም፤ ራሱንም አልጣለም። ሰኞ ከቀትር በኋላ ‹ቦታውን አሳይሃለሁ› ተብሎ ተጠርቶ ወደ ተከፈተ ጉድጓድ ተገፈተረ። የገፈተረውም ሰው ሲሄድ እሾህ አለበሰው። እናንተም፣ እኔም እንደምናደርገው።»

ከኋላ ረድፍ የዓፊያ ለቅሶ ተሰማ። በአምስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ወንበሩን ያራቀው ሰው ቀስ ብሎ መልሶ አስጠጋው።

አለቃዋ ካቴናውን አወጣ። ሳቢራ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ትንሽ ይቆይ። ጥያቄ ያላቸው ባለአክሲዮን አሉ።»

ፋጡሜ ተነስተው ነበር። በወንበሮቹ መሀል እየመጡ ነው፤ ሀዲጃና ሰዒዳ ከኋላቸው። ማንም መንገድ እንዲለቅ አልጠየቁም፤ ሁሉም ለቀቀ። ጥራዙ ገጽ አርባ አንድ ላይ ተገልጧል፤ ጣታቸው ትናንት ካሳረፉበት መስመር አልተነሳም። መድረኩ ሥር ደርሰው ቀና አሉ።

«በድሩ» አሉ። ሀጂም አላሏቸው። «እዚህ ጋ ልጄ አለ አሉኝ። የሀዲጃ ባል አለ። የሰዒዳ ወንድም አለ። ሦስት ዓመት አራት አራት ሺህ እየሰጠህ እንዳናለቅስ አድርገኸናል። ሬሳቸው አልታጠበም፣ ሶላተል ጀናዛ አልተሰገደባቸውም። እኔ በየወሩ አምስተኛ ቀን ‹ልጄ ላከልኝ› ብዬ ለጎረቤት ሳወራ አንተ ትሰማ ነበር።»

ሀጂ በድሩ ወደ በሩ አዩ። በሩ ላይ ከማል ቆሟል።

«በሩን አትይ፣ ፖሊሱን አትይ፣ እኔን እይ» አሉ ፋጡሜ። «አራተኛው ጉድጓድ ሲሚንቶ ሥር ያለው ማን ነው? ስማቸውን አንድ በአንድ ጥራ። ስምንት መቶ ሰው ነው፤ ሁሉም ይስማ። በል፣ መልስልኝ!»